ሃያ ቀን ከየኔታ ጋር

ብሩክታይት ከአባቷ ጋር የተጣላችው በሸሚዝ ምክንያት ነው። ሞጣ ካለ ልብስ ሰፊ ጋር ሁለት ሳምንት ተሟግታ፣ ቀኝ ጎኑ እስከ ወገብ የተከፈተ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የወጣ ስስ የጥጥ ሸሚዝ አሰፍታ ቅዳሜ ጠዋት ቢቸና ገባች። አባቷ የኔታ ሀብተ ሥላሴ ሸሚዙን ሳይነኩ አዩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ተከፍቷል እኮ አባየ፤ አይነካዎትም።»

«ነፋሱስ?» አሉ።

ነፋስ የሚከለክል ልብስ ሰፊ ሞጣም ቢቸናም የለም። ብሩክታይት ሸሚዙን አጣጥፋ መደቡ ላይ አስቀመጠችና እናቷን ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን «እኔ ከዚህ በላይ አልችልም» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ይህን ቃል በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተናገረችው እናትየዋ ያውቃሉ።

የኔታ ቢቸና ላይ ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከደብረ ኤልያስ ተመርቀው መጥተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ወይራ ዛፍ ሥር ጉባኤ ዘርግተው፣ ከየአገሩ የሚመጣውን ተማሪ ሲያስቆጥሩ፣ ስሕተቱን ከሩቅ ሰምተው ሲያርሙ፣ ለአንድ ቃል ግማሽ ቀን ሲከራከሩ ኖረዋል። ኃይለኛ ነበሩ። ልጃቸው ሞጣ በወረዳው መሬት አስተዳደር ቢሮ ስትሠራ፣ ድንበር ከሚጋፋ ገበሬ ጋር ቀኑን ሙሉ ስትከራከር የማይደክማት አፍ ከማን እንደመጣ ለሚያውቃት ሁሉ ግልጽ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ ከቀኝ ጀርባቸው ተነሥቶ በብብታቸው ሥር ዞሮ እስከ ጡታቸው እንደ መቀነት የተጠመጠመ ሽፍታ ወጣባቸው። አልማዝ ባለጭራ ነው ተባለ። ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ቅርፊት ሠርቶ በወሩ ደረቀ። ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ሕመሙ ግን አብሮ አልደረቀም። ምንም በማይታይበት ባዶ ቆዳ ላይ እንደ እሳት ይለበልባቸዋል፤ ሳይታሰብ ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። ጋቢ አያሳርፉበትም። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ጎናቸውን ገልጦ ያይና «ኧረ ምንም የለበትም፣ ድነዋል እኮ» ይላል። ብሩክታይትን ከበሽታው ይልቅ የሚያበግናት ይህ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ወስዳ አስመረመረቻቸው። በሽታው ነርቩን ጎድቶት ሄዷል አሉና ክኒን ሰጧቸው። አንዱ ክኒን አፋቸውን አደረቀው። ሌላው ራሳቸውን አዞራቸውና ደጃፍ ላይ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ በስልክ «መድኃኒቱን ወስደዋል?» ስትላቸው «ወስጃለሁ» እያሉ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ቤት ስትጠርግ የዳዊታቸው ማኅደር ከበዳት። ከፍታ ብታየው ስልሳ አንድ ፍሬ ክኒን ተደርድሮበታል።

«ለምን ዋሹኝ?»

«አልዋሸሁም። ወስጃለሁ አልሁሽ እንጂ ውጫለሁ አላልሁሽ። ወስጄ እዚያ አኖርኋቸው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቃት ነበር።

የእናቷ ወንድም ቄስ ወልደ ሰንበት ደግሞ ጸበል ይሻላል አሉና አሥራ አራት ቀን ወሰዷቸው። ብሩክታይት ጸበል የምትንቅ ሰው አይደለችም፤ እሷም ትጠመቃለች። ግን ልብስ የማይችል ጎን ላይ ያን ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ከላይ ሲወርድበት አባቷ ጥርሳቸውን ነክሰው ሲቆሙ አይታ አጎቷን ተቆጣች። አጎቷም እሷን ተቆጡ። ሁለት ወር አልተነጋገሩም።

ከሕመሙ ይልቅ ዝምታው ባሰ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ቅኔውን ሲያሰማ ግሱን አበላሸው። የኔታ ሰሙት፤ አላረሙትም። ተማሪው ዘንግ ሲጠብቅ ዝምታ ቢያገኝ ደንግጦ አለቀሰ ይባላል። ከዚያ በኋላ ተማሪው አንድ በአንድ አኮፋዳውን እያነሣ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄደ። የኔታም ከመደባቸው አልነሣ አሉ። እህል ከፊታቸው ቀርቦ ይነሣል። «ምን ላድርግልዎ?» ሲባሉ መልሳቸው «የሚጠራኝ ቶሎ ቢጠራኝ» ሆነ።

በዚህ መሐል ነው ሞጣ የሚሠራው ሐኪም፣ ዶክተር ታደለ፣ ነገሩን ለብሩክታይት ከሥሩ ያስረዳት።

«የተጎዳው ነርቭ ወደ አእምሮ የሐሰት ጩኸት ይልካል» አላት። «አእምሮም ጩኸቱን መስማት ለምዷል። ድባቴው ሲጨመር ደግሞ ጩኸቱ ይጎላል። ሕመሙ ድባቴውን ያባብሳል፣ ድባቴው ሕመሙን ያባብሳል። ሁለቱን አንድ ላይ መንካት ያስፈልጋል።»

ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ ማሽን ማስገባቱን ነገራት። ራስ ላይ የሚደገፍ ማግኔት ነው። መቅደድ የለበትም፣ ማደንዘዣ የለበትም። ማግኔቱ ቶሎ ቶሎ እየመታ ከአጥንቱ ሥር ያለውን የአእምሮ ክፍል ይቀሰቅሳል። ሃያ ቀን፤ ቅዳሜና እሑድ ሲቀር በየቀኑ።

«ያድናቸዋል?»

«ያድናል አልልሽም። አንዳንዱ በጣም ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ትንሽ፣ አንዳንዱ ምንም። የተሻለውም ከወራት በኋላ ሊመለስበት ይችላል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እውነቱን የሚነግራት ሐኪም ስትፈልግ ነበር። አሁን ስታገኘው ትንሽ ቢዋሻት በወደደች።

እንደዚያም ሆኖ ነገሩን ቢቸና ይዛው ሄደች። ቄስ ወልደ ሰንበት «ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያፈለቀ ራስ በማግኔት ይነካ?» አሉ። እናቷ «እሳቸው ካሉ» አሉ። የኔታ ግን እሺም እንቢም አላሉም። በመጀመሪያ ጾሙ ይፈታ አሉ። ጾሙ ሲፈታ ወርኃዊው በዓል ይለፍ። በዓሉ ሲያልፍ መንገድ ተዘጋ፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር፣ ሁለት ጊዜ ከደብረ ወርቅ ተመልሳለች። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ወገቤን አሉ። ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። ያን ቅዳሜ ሸሚዝ ይዛ የመጣችው ተስፋ ቆርጣ፣ ሌላው ቢቀር ልብስ ይልበሱ ብላ ነው። እሱንም እንቢ አሉ።

ጓሮ ቆማ ንዴቷ እስኪበርድ ጠበቀች፤ አልበርድ አላት። ተመልሳ ገባችና ከመደቡ ፊት ቆመች።

«አባየ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። መዳን አይፈልጉም?»

የኔታ ግድግዳውን ማየታቸውን ቀጠሉ።

«አንዴ ጾም፣ አንዴ በዓል፣ አንዴ ወገብ። እኔም ሰው ነኝ፣ ደከመኝ። በየሳምንቱ ከሞጣ ቢቸና ስመላለስ የመኪናው ረዳት ሳይቀር ‹አባትሽ እንዴት ናቸው?› ይለኛል። ምን ልበለው? ግድግዳ እያዩ ነው ልበለው?»

«ብሩክታይት» አሉ እናቷ ከጓዳ፣ በቃሽ ለማለት።

የኔታ ፊታቸውን ሳይመልሱ «ቢጠፋብኝስ?» አሉ።

«ምኑ?»

«ያለኝ።» እጃቸውን አንሥተው ጥምጣማቸው ላይ አኖሩ። «እኔ የጻፍሁት መጽሐፍ የለኝም። የመምህሬም፣ የመምህሬ መምህርም ቅኔ ያለው እዚህ ነው። አንድ ዲያቆን የአለቃችን ዜማ የተቀዳበትን ካሴት ድምፅ ማጉያ ላይ ሲያሳድረው አይቻለሁ። ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ። በማግሥቱ ካሴቱ ላይ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ።»

ብሩክታይት መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ንዴቷ በእጥፍ ተመለሰ። ስድስት ወር። ይህችን አንዲት ነገር ለመናገር ስድስት ወር። ስልኳን አወጣችና እዚያው ቆማ ዶክተር ታደለ ጋ ደወለች፤ አባቷ እንዲሰሙም ድምፁን ከፍ አደረገችው። ዶክተሩ በትዕግሥት አስረዳ። አእምሮ እንደ ካሴት አይደለም። ማግኔቱ ትዝታ አይፍቅም። ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ አልፎ አልፎ ግን የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ይህ በሽታ ይኖርባቸው እንደሆነ ክሊኒኩ አስቀድሞ ይጠይቃቸዋል።

የኔታ ሰምተው ሲያበቁ «ቅኔ ያውቃል?» አሏት።

«ዶክተሩ? አያውቅም።»

«እንግዲያው ምን እንደማይጠፋ በምን ያውቃል?»

ብሩክታይት ስልኩን ዘጋችና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ የተናገሩት ነገር ልክ መስሎ ታያት።

«እሺ» አለች። «በየቀኑ ማሽኑ ሳይነካዎት አንድ ቅኔ ይላሉ። ከነካዎትም በኋላ ያንኑ ይላሉ። አንዲት ቃል ከጎደለች በዚያው ቀን እንመለሳለን።»

«ማን ይሰማኛል? ማን መጉደሉን ያውቃል?»

ብሩክታይት ጉሮሮዋን ጠረገችና አባቷ ከመምህራቸው የወረሱትን መወድስ ከመጀመሪያው ቤት ጀምራ እስከ ስምንተኛው አለችው። በሩ ላይ የቆሙት እናቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የኔታ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው ከስንት ወር በኋላ ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«ከማን ተማርሽው?»

«ከእርስዎ። እርስዎ ለወንዶቹ ሲነግሩ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ አሰጣ ነበር። እህል እለቅም ነበር። ልጅነቴን ሙሉ ነው የሰማሁት።»

የኔታ ብዙ አዩዋት። ሰኞ መኪና ላይ ወጡ።

ባሕር ዳር ከክሊኒኩ አጠገብ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ሁለት ክፍል ያዙ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሲስተር አስናቀች የምትባል ዝግ ያለች ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን ጥምጣሙ ይውለቅ፣ የአንገት መስቀሉም ብር ስለሆነ ይውለቅ አለች። የኔታ ጥምጣሙን አወለቁ፤ መስቀሉን ግን እንቢ አሉ። ብሩክታይት ከተማውን ዞራ ከእንጨት የተጠረበ ትንሽ መስቀል አምጥታ ማተባቸው ላይ እስክታስርላቸው ድረስ የጠዋቱ ተራ አለፋቸው።

ሲስተር አስናቀች የግራ ራሳቸውን ለክታ ምልክት አደረገችና ማግኔቱን አስጠግታ አንድ ጊዜ መታች። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ዘለለ።

የኔታ ጣታቸውን አፍጥጠው አዩት። «እኔ አላዘዝሁትም» አሉ።

«እኔ ነኝ ያዘዝሁት አባቴ። ቦታውን ለማግኘት ነው።»

ከዚያ በኋላ ማሽኑ እንደ ግንደ ቆርቁር ይመታ ጀመር። ጥቂት መትቶ ያርፋል፣ እንደገና ይመታል። ግማሹን ጊዜ ለሕመሙ፣ ከዚያ ወደ ግንባራቸው ቀረብ ብሎ ለድባቴው። ሲያበቃ ሲስተር አስናቀች ቅጽ አውጥታ «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» አለቻቸው።

«የቱ ሕመም?»

«የዛሬው።»

«ዛሬ መቼ አለቀና?»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። «አባየ፣ እባክዎ ቁጥር ብቻ ይንገሯት» አለች ብሩክታይት። ይህ ጭቅጭቅ በየቀኑ ሆነ። አንድ ቀን «ትናንት ከትናንት ወዲያን ይመስል ነበር» አሉ። ሌላ ቀን «አንቺ አስር ያልሽውን እኔ መነሻ አደርገዋለሁ» አሉ። ብሩክታይት በመጨረሻ እሷው ዘጠኝ እያለች ታስጽፍ ጀመር።

በየቀኑ ከማሽኑ በፊትና በኋላ መወድሱን ያሰማሉ። አንዲት ቃል አልጎደለም። ግን ሌላም ነገር አልተገኘም። በመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት ብቻ ተረፋቸው። በሁለተኛው ሳምንት እሱም ሄደ፤ የጎናቸው እሳት ግን ባለበት ነው። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ «አገሬ መልሱኝ» አሉ። የዚያኑ ዕለት የብሩክታይት አለቃ አቶ ፈረደ ከሞጣ ደውሎ ፈቃዷ ማለቁን፣ ይራዘምልኝ ካለች ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንድታመጣ ነገራት። ማኅተሙ ያለው የክሊኒኩ ሐኪም ዘንድ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ለስልጠና አዲስ አበባ ሄዷል። ማኅተሙ የተቆለፈበትን መሳቢያ ቁልፍም ይዞት ሄዷል። ስልኩን ገና ስትዘጋ ቄስ ወልደ ሰንበት ደወሉ።

«ዳነ?»

«አልዳኑም አባ።»

«እኔ ምን ብዬሽ ነበር?»

ብሩክታይት ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲስተር አስናቀች አልፋት ሄደችና በመሐረብ ፈንታ የማሽን መጥረጊያ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። «ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት በፊት ምንም አይታይም» አለቻት። «ይህን ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገራችሁኝም?» አለች ብሩክታይት። ሲስተር አስናቀች «ነግሬሻለሁ። ስለ መስቀሉ ስትጨቃጨቁ ነበር» ብላ ሄደች።

አሥራ አራተኛው ቀን ደረሰ። ከክሊኒኩ ወጥተው ማረፊያው ምግብ ቤት ምሳ አዘዙ። ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ አንድ መንገደኛ ቄስ ከምግባቸው በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። የኔታ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡና ሄደው «አባ፣ ያ ቃል ይላላል እንጂ አይጠብቅም፤ ሲጠብቅ ሌላ ነገር ነው» አሏቸው። ቄሱ ደነገጡ። ብሩክታይት አፍራ «አባየ፣ ይመለሱ» አለች። ተመልሰው ተቀመጡና ደግሞ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺም ብትሆኚ» አሉ። «መወድሱን አራተኛው ቤት ላይ ታበላሺዋለሽ። ቢቸናም አበላሸሽው። እዚህም እኔ ያልሁትን እየደገምሽ ስትከታተይ፣ አራተኛው ላይ ስትደርሺ በከንፈርሽ ታበላሺዋለሽ።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አላረሙኝም?»

«ምን ግድ ሰጥቶኝ?»

ከዚያ ስለ አራተኛው ቤት ይነግሯት ጀመር። ሰሙ ምን እንደሆነ፣ ወርቁ በየት በኩል እንደተቀበረ፣ እሷ ያጠበቀችው ፊደል ወርቁን እንዴት እንደደፈነው። ብሩክታይት መለሰች፣ ተከራከረች፣ አጥር ስር የሰማችውን ጠቀሰች፤ እሳቸው ጠረጴዛውን መቱ። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። ብሩክታይት እንደተናደደች ደረጃውን መውጣት ጀምራ፣ መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ጠረጴዛው ዞራ አየች። የአባቷ ሳሕን ባዶ ነበር።

በሃያኛው ቀን ሲስተር አስናቀች ቅጹን ስታወጣ የኔታ ሳይለመኑ «ስድስት» አሉ። ጋቢያቸውም እስከ እኩለ ቀን ቀኝ ጎናቸው ላይ ያርፍ ጀምሯል። ነፋስ ሲኖር ግን አሁንም ያወልቁታል።

ቢቸና ሲመለሱ ሰው ሁሉ ደጃፍ ላይ ጠበቃቸው። «ድነዋል?» ይላቸዋል። «ተሽሎኛል» ይላሉ። «ማለት ድነዋል?» ይላል። ብሩክታይት ለአሥረኛው ሰው ስታስረዳ ድምፅዋ ተዘጋ። ቄስ ወልደ ሰንበት ደግሞ ጸበሉ ጊዜ ወስዶ ነው የሠራው አሉ። ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት እናቷ በክርናቸው ጎሰሟት።

ተማሪዎቹ ሲሰሙ መጡ። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት፣ በወሩ አሥራ አንድ። የኔታ ከወይራው ሥር ተመልሰው ተቀመጡ፤ እንደ ድሮው ሳይሆን በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ። ቤትም ሲገቡ ወጡ ጨው አነሰው፣ በሩ ነፋስ ያስገባል፣ ውኃው ሞቋል ይላሉ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ለልጃቸው በስልክ «ዝም ያሉ ጊዜ ሞቼ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሲናገሩ ልሞት ነው» አሏት።

በአራተኛው ወር አንድ ማክሰኞ እናቷ ደግመው ደወሉ። ጋቢውን ከጠዋት ጀምሮ ማውለቅ ጀምረዋል፤ ትናንት ጉባኤ አልወጡም። ለብሩክታይት ይህ ሊመጣ እንደሚችል ክሊኒኩ ነግሯታል፤ ለጥቂት ቀን ተመልሶ ማሽኑን ማግኘት ያስፈልጋል። ራሷን ይዛ ተቀመጠች። አሁን እንደገና ጾም ይመጣል፣ በዓል ይመጣል፣ ወገብ ይመጣል። ቅዳሜ ስትሄድ የምትላቸውን ሁሉ፣ እሳቸው የሚመልሱላትንም ሁሉ አስባ ከወዲሁ ደከማት።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮዋ ሁለት የድንበር ተከራካሪዎች ፊቷ ተቀምጠው እየተናገሩ ሳለ በሩ ተከፈተ። የኔታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን በግራ ትከሻቸው ብቻ ጥለው፣ ከረጢት አንጠልጥለው። ተከራካሪዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አባየ? ማን አመጣዎት?»

«መኪና።»

«ብቻዎን? እኔ ቅዳሜ ልመጣ ነበር እኮ።»

«ቅዳሜ ክሊኒኩ ዝግ ነው» አሉ። ቀኝ ክንዳቸውን ከጎናቸው አርቀው ይዘውታል፤ ፊታቸውም መንገዱ እንዴት አድርጎ እንዳንገላታቸው ይናገራል። «ሕመሙ እየተመለሰ ነው። ያኛው ነገርም አብሮት እየመጣ ነው፤ ግድግዳው ደስ ሊለኝ ጀመረ። ሲገባ ልጠብቀው?»

ብሩክታይት ተነሥታ አቶ ፈረደ ቢሮ ሄደች። አቶ ፈረደ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት።

«አሁንም?»

«አሁንም። አምስት ቀን።»

«ባለፈው ሃያ ቀን ወስደሽ፣ ማኅተሙንም ዘግይተሽ አምጥተሽ አልዳኑም?»

«ተሽሏቸዋል» አለች። «ባይሻላቸው ኖሮ በራሳቸው እግር አይመጡም ነበር።»

አቶ ፈረደ ተነፈሰ። ማመልከቻ ጻፊ አላት። ቆማ ጻፈች። ሲፈርምላት ወረቀቱን ይዛ ወጣችና ስልኳን አንሥታ ክሊኒኩ ጋ ደወለች። ሲስተር አስናቀች ለነገ ጠዋት ቦታ አገኘችላቸው። ቢሮዋ ስትመለስ አባቷ ከተከራካሪዎቹ መሐል ተቀምጠው የድንበር ውሉን ያነባሉ። ሁለቱም ሰዎች አጎንብሰው ያዳምጧቸዋል።

«እንሂድ አባየ። የባሕር ዳር መኪና ሊወጣ ነው።»

«ቆይ፣ ይህ ውል የተጻፈው በመሐይም ነው።»

«አባየ።»

«እሺ እሺ» ብለው ተነሡ። ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊቷ ቀድመው ወጡ፤ ግቢው በር ላይ ሲደርሱም ዞረው፣ መኪናው ጥሏቸው ቢሄድ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ነገሯት።